ጋወን ለብሶ ካርድ መፈለግ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ለተግባር ልምምድ ከወጡ የነርሲንግ ተማሪዎች የመጡ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ተማሪ ከሚቀበል ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነው። የጸሐፊዎቹንም የተቋሞቹንም ስም ትተን ከተማቸውን ብቻ ጽፈናል።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርድ ክፍል አዋሉኝ። ነጭ ጋወን ለብሼ ካርድ ስፈልግና መዝገብ ስሞላ እውላለሁ። ጓደኞቼ ሆስፒታል ተመድበው ካኑላ እየሰኩ ነው። ይህ ልምምድ ነው ወይስ ነፃ ጉልበት?»
ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ከሁለቱም አለበት። ካርድ ክፍል ሁለት ቀን ይበቃል። ሁለት ሳምንት ከሆነ ግን የሰው እጥረትን በተማሪ መድፈን ነው። ያም ሆኖ ከጓደኞችሽ ያነሰ ተምሬያለሁ ብለሽ አትደምድሚ። ሆስፒታል የሚያሳይሽ አልጋ ላይ የደረሰውን ሰው ነው። ያልመጣውን ሰው የሚያሳይሽ መዝገብ ነው፤ የጤና ጣቢያ ሥራ ደግሞ ግማሹ ያልመጣውን ፈልጎ ማምጣት ነው። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ፣ የከተማው እስከ 40,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው በቀን በሩን የሚረግጠው ጥቂቱ ነው።

እንግዲህ ካርድ ክፍል ከዋልሽ አይቀር አንድ ነገር ሥሪበት። የክትባት መዝገቡን አስፈቅደሽ ውሰጂና አምስት በሽታ ከሚከላከለው ከፔንታ ክትባት የመጀመሪያውን (ፔንታ 1) የወሰዱትን ሕፃናት ቁጠሪ፤ ከእነሱ ውስጥ ሦስተኛው (ፔንታ 3) ላይ የደረሱትን ለይተሽ ቁጠሪ። 80 ጀምረው 64 ከጨረሱ 16 ቀርተዋል፤ 16ን ለ80 አካፍለሽ በ100 ስታበዢው 20 በመቶ ይመጣል። ከ10 በመቶ ካለፈ ጤና ጣቢያው ሊያየው የሚገባ ችግር አለ ማለት ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ፔንታ የሚሰጠው በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ስለሆነ፣ ባለፈው ወር የጀመረ ሕፃን ገና ጊዜው አልደረሰም እንጂ አላቋረጠም። 14 ሳምንት ያልሞላቸውን ከሁለቱም ቁጥር አውጪ፤ አለበለዚያ ያልጠፋ ልጅ ስታስፈልጊ ትውያለሽ።

ከዚያ የቀሩትን በየቀበሌያቸው ለይተሽ፣ የእናት ስምና ስልክ ካለ ጨምረሽ ለክትባት ክፍሏ ሲስተር ስጪ። እሳቸው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ያስተላልፉታል። ዝርዝሩ ከጤና ጣቢያው አይውጣ፤ በስልክ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መላክ የለም። ከ16ቱ አንዳንዱ ቀበሌ የቀየረ፣ አንዳንዱ ሌላ ቦታ የጨረሰ፣ አንዳንዱም በሕይወት የሌለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስልክ ደውይ ብትባዪ «ልጅዎን ለምን አላመጡም?» ብለሽ አትጀምሪ፤ «ሕፃኑ እንዴት ነው?» ብለሽ ጀምሪ።

ዝርዝሩን በምትሰጪበት ዕለት ስለ ቦታ ለውጥ አንሺ። የልምምድ ዓላማ ወረቀትሽን ይዘሽ «ሲስተር፣ እዚህ ላይ ትሪያጅ (ታካሚ መጥቶ መጀመሪያ የሚታይበት) እና ከአምስት ዓመት በታች ክፍል ይላል፤ ከሰኞ ጀምሮ ብገባ ማን ያስተምረኛል?» ብትዪ፣ «ስልችት አለኝ» ከማለት በጣም ይሻላል። አሁንም ካልሆነ የኮሌጅሽን አስተባባሪ በጽሑፍ ጠይቂ።

«ትሪያጅ ላይ የአንድ ሰውዬ ደም ግፊት 158/96 ብዬ ጻፍኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲስተር ለክተው 132/82 አገኙ። ታካሚው ፊት አፈርኩ። ስህተቱ የማሽኑ ነው የእኔ?»
ሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ደሴ

መልስ፦ ምናልባት የዳገቱ ነው። ደሴ ላይ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ቁልቁለትና ዳገት የማይወጣ የለም፤ ሰውዬው እያለከለከ ገብቶ ወዲያው ክንዱን ሰጥቶህ ከሆነ የለካኸው ጉዞውን ነው። አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ጀርባው ይደገፍ፤ እግሮቹ ሳይጣመሩ መሬት ይርገጡ። ሽንቱ መጥቶ እንደሆነ ጠይቀው። ባለፈው ግማሽ ሰዓት ቡና ጠጥቶ ወይም ሲጋራ አጭሶ እንደሆነም ጠይቅ። ስትለካ አታውራው፤ ምን እንደሚያመው የምትጠይቅበት ጊዜ አይደለም።

ቀጥሎ ያለው የልብስ ጉዳይ ነው። ሹራብ ላይ መጠቅለል ስህተት ነው፤ እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ ክንዱን እንደ ገመድ እንዲያስረው ማድረግም እኩል ስህተት ነው። አንዱን እጅጌ ያውልቅ። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ አርፎ የምትጠቀልለው ጨርቅ ከልቡ ትይዩ ይሁን፤ ክንዱ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ይጨምራል። ጨርቁ ውስጥ ያለው የሚነፋው ላስቲክ ከክንዱ ዙሪያ 80 በመቶውን መሸፈን አለበት። ለወፍራም ክንድ ጠባቡን ብትጠቀም ግፊት የሌለበትን ሰው ባለ ግፊት ታደርገዋለህ። ትልቁ ጨርቅ ክፍሉ ውስጥ ከሌለ ተመላላሽ ክፍል ሄደህ ፈልግ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ቁጥሩን በመርፌ በሚያሳይ ማሽን ከሆነ ሳይነፋ መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን እይ። የእጅ አንጓውን የደም ሥር በጣትህ ይዘህ ንፋ፤ ትርታው ከጠፋበት 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ጨምር። ከዚያ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር እየለቀቅህ አዳምጥ። ተማሪ የሚስተው እዚህ ነው፤ ወረፋው ይረዝማል፣ ቫልቩ በአንዴ ይከፈታል፣ የመጀመሪያው ድምፅ ያመልጣል፣ ከዚያ «መቼም 120/80 ይሆናል» ተብሎ ይጻፋል። ገጹ በሙሉ 110/70 እና 120/80 የሆነ መዝገብ ካየህ ያ ቀበሌ ጤነኛ ሆኖ አይመስለንም። ትንፋሽም እንደዚያው ነው፤ ለአራስም ለአዛውንትም «20» ተብሎ ይሞላል። በሕፃን ላይ ደግሞ ውሳኔ የሚሰጥበት ቁጥር ነው። ሳያለቅስ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠር፤ ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የሕፃንን የተዘበራረቀ ትንፋሽ ያዛባል።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። ከአንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በኋላ ደግመህ ለክተህ ሁለቱንም ቁጥር ብትጽፍ ኖሮ የሚያሳፍር ነገር አይኖርም ነበር። ከ140/90 በላይ ስላገኘህ ብቻ «ግፊት አለብዎት» አትበል፤ ያንን ለማለት ሌላ ቀን መድገም ያስፈልጋል፤ የሚለውም ሐኪሙ ነው። ነፍሰ ጡር ላይ 140/90 ካገኘህ ግን ወረፋ አታስጠብቃት፤ ወዲያው ለሲስተር ንገር። ማንም ሰው ላይ 180/110 አካባቢ ከራስ ምታት፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከደረት ሕመም ጋር ካየህም እንዲሁ።

«አንዲት እናት ከሩቅ ቀበሌ አራስ ይዛ መጥታ ‹ቢሲጂ ሐሙስ ነው› ተብላ ተመለሰች። ለአንድ ልጅ ለምን አይከፈትም?»
የደረጃ 4 ተማሪ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) አንድ ብልቃጥ 20 ሕፃን ይከትባል። ዱቄቱ ከማሟሟያው ጋር አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ 6 ሰዓት ሲሞላው፣ ወይም የዕለቱ ክትባት ሲያበቃ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይጣላል። የሚጣለው ቁጠባ ተጠልቶ አይደለም። የሚሟሟ ክትባት ውስጥ ጀርም የሚገታ ነገር የለም፤ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ሳይጣል ውሎ አድሮ ሕፃናት የሞቱበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች ሕፃናትን በአንድ ቀን ይሰበስባሉ። አሠራሩ ይገባናል፤ ከሩቅ በእግሯ የመጣችን እናት መመለሱን ግን አንደግፍም። የባከነ ብልቃጥ በሪፖርት ይታያል፤ ያልተመለሰች እናት የትም አትታይም።

አንተ ብልቃጥ እንዲከፈት የማዘዝ ሥልጣን የለህም፤ ሌላ የምታደርገው ግን አለ። ካርዱን ተቀብለህ ዛሬ ሊወሰድ የሚችል ሌላ ክትባት መኖሩን ተመልከት፤ ለአራስ የፖሊዮ ጠብታው አለ። እናቲቱስ የወሊድ በኋላ ምርመራ አድርጋለች? ይህ ሁሉ ሐሙስን አይጠብቅም። የቀጠሮውን ቀን ካርዱ ላይ ጻፍ፤ በቃልም «የሚመጣው ሐሙስ፣ ከገበያው ማግስት» እንደሚባለው በምታውቀው ነገር ንገራት። ስሟንም ለጤና ኤክስቴንሽኗ አስተላልፍ።

ክፍሉ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን እይ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ ጧትና ማታ ይመዘገባል፤ እሑድና በዓልም ቀን ነው። ብልቃጡ ላይ ያለውን ክብ ምልክት አንብብ፤ ውስጡ ያለው አራት ማዕዘን ከዙሪያው ክብ የነጣ ከሆነ ይሠራል፤ እኩል ከሆነ ወይም ከጠቆረ ይወገዳል። ፔንታ ሙቀትን ብቻ ሳይሆን ውርጭንም ይፈራል፤ በረዶው አጠገብ የተለጠፈ ብልቃጥ ካየህ ለኃላፊዋ ንገር። ማሟሟያው የዚያው ክትባት፣ የዚያው ፋብሪካ ይሁን፤ ከመቀላቀሉ በፊትም ቀዝቅዞ ይደር። የተቀላቀለበትን ሰዓት ብልቃጡ ላይ ጻፍ፤ በሰው ትዝታ አይታመንም።

ቢሲጂ ለአራስ 0.05 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቆዳው ውስጥ እንጂ ከቆዳው ሥር አይደለም። በትክክል ከገባ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኖ ትንሽ ያብጣል። ካላበጠ በራስህ ውሳኔ ደግመህ አትውጋ፤ ሲስተርን ጥራ። እናቲቱንም ንገራት፦ ከሳምንታት በኋላ ቦታው ቆስሎ ፈሳሽ ሊወጣው ይችላል፣ ጠባሳ ይተዋል፤ ቅቤም ቅባትም አይቀባ፣ አይታሰር።

«መርፌ ቢወጋኝ ምን ላድርግ? ጓደኛዬ በረኪና አፍስሽበት አለችኝ።»
ጅማ

መልስ፦ በረኪና አታፍሺ፤ አትጭመቂውም። በሳሙናና በሚፈስ ውኃ እጠቢ፤ ዓይንሽ ውስጥ ከተረጨ በንጹሕ ውኃ ደጋግመሽ እጠቢ። ከዚያ በዚያው ሰዓት፣ ማታ ሳይሆን በዚያው ሰዓት፣ ለኃላፊሽ ንገሪ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ታካሚው ፈቅዶ ይመረመራል፤ አንቺም ትመረመሪያለሽ። ተማሪ የሚደብቀው ቁጣ ፈርቶ ነው፤ ቁጣው አንድ ቀን ነው።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ግን ልምምድ ሳትወጪ ጀምሪ፤ ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ። አብዛኛው መወጋት የሚመጣው ክዳን መልሶ ከመክደንና መርፌ ይዞ ከመሄድ ነው። የመርፌ መጣያ ካርቶኑ ከምትወጊበት ቦታ እጅሽ የሚደርስበት ይሁን፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ፤ ማንም በእጁ አይጠቅጥቀው። በረኪናው ቦታው ሌላ ነው፤ ለፈሰሰ ደምና ለጠረጴዛ፣ ለወለል ማጽጃ። 5 በመቶ የሆነውን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ ስትበጠብጪው 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ለ10 ደቂቃ ይቆያል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 5 በመቶ ካልሆነ ሒሳቡም ይለወጣል።

«ስምንት ተማሪዎች ነን፤ ለቲቲፒ (በቡድን ሆኖ ሕዝብ ውስጥ ለሚደረግ ልምምድ) ከተማ ዳር ያለ ጤና ጣቢያ ተመድበናል። ቤት ለቤት መጠይቅ ስናስሞላ አንዲት እናት ‹ዓመት ዓመት እየመጣችሁ ትጠይቁናላችሁ፣ ከዚያ ትሄዳላችሁ› አሉን። ምን እንመልስ?»
ጎንደር

መልስ፦ እውነታቸውን ነው በሉ። ጎንደር ውስጥ የጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና የሳኒቴሽን ተማሪዎችን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ሕዝቡ መላክ የተጀመረው በ1940ዎቹ ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ሲከፈት ነው። ያን ያህል ዘመን የተጠየቀ አካባቢ ሌላ ባለ ስምንት ገጽ መጠይቅ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ጤና ኬላ አሳልፉ። የቤተሰብ ማኅደሩ ውስጥ የቤቱ ሰው ብዛት፣ ሽንት ቤት መኖር አለመኖሩ፣ የውኃ ምንጩ፣ የነፍሰ ጡሮች ሁኔታ ተጽፏል። ያለውን አትጠይቁ፤ የጎደለውን ብቻ አንድ ገጽ አድርጉት። ጤና ኤክስቴንሽኗ ሳታውቅ ቀበሌ ውስጥ አትዙሩ፤ እናንተ ስትሄዱ ነገሩን የምትሸከመው እሷ ናት። የገበያ ቀን ጧት አትሂዱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ አንዷ ሴት ሆና ግቡ። ቡና ከተጋበዛችሁ አንድ ሲኒ ጠጡ፤ መጠይቁ የማያወጣው ወሬ የሚወጣው አቦል ላይ ነው።

ሥራችሁ በቆይታችሁ የሚያልቅ፣ ከውጭ ገንዘብ የማይፈልግ አንድ ነገር ይሁን። ለምሳሌ ሽንት ቤት አጠገብ የእጅ መታጠቢያ፦ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ በጋለ ምስማር ከአንገቱ ዝቅ ብሎ የተበሳ ቀዳዳ፣ በሁለት ባላ ላይ የተጋደመ እንጨት፣ በእግር የሚረገጥ እንጨትና ገመድ፣ የተንጠለጠለ ሳሙና። መሥራቱ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የሚበላሸው በኋላ ነው፤ ሳሙናውን ቁራ ይወስደዋል፣ ገመዱን ፀሐይ ይበጥሰዋል፣ ከሁሉም በላይ ውኃ የሚሞላ ይጠፋል። ውኃ የምትቀዳው እናት ሌላ ሸክም ከተጨመረባት ጀሪካኑ በሳምንቱ ይደርቃል። ስለዚህ ከመሥራታችሁ በፊት «ማን ይሞላል?» የሚለውን ቤተሰቡ ራሱ ይመልስ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ቁጠሩ፦ ስንቱ ውኃ አለው፣ ስንቱ ሳሙና አለው? ሪፖርታችሁ የተሠራውን ሳይሆን ይህን ቁጥር ይያዝ።

ሌላው ጥሩ ሥራ እናቶች የምግብ እጥረትን ለመለየት የልጃቸውን ክንድ ዙሪያ በባለ ቀለም ሜትር ራሳቸው እንዲለኩ ማስተማር ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ፣ የግራ ክንድ፣ ከትከሻና ከክርን መካከል፣ ክንዱ ተንጠልጥሎ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከ11.5 ጀምሮ 12.5 እስካልሞላ ቢጫ። ሜትሩን አጥብቆ መሳብ ጤነኛውን ልጅ ቀይ ያደርገዋል። ሁለቱንም እግር በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ተጫኑ፤ ጣታችሁን ስታነሡ ሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከታየ ሜትሩ አረንጓዴ ቢያሳይም ልጁ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከመውጣታችሁ በፊት ያገኛችሁትን ለቀበሌው ሰው በአማርኛ አንብቡላቸው፤ አንድ ቅጂ ጤና ኬላው ይቅር።

«እዚህ አሜሪካ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ልምምዴ በአንድ የኮሚዩኒቲ ክሊኒክ ነው። ሐበሻ ታካሚ በመጣ ቁጥር ‹ነይ አስተርጉሚ› እባላለሁ። እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ።»
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ነውር አይደለም። የአሜሪካ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ አማርኛ መናገር ብቻውን ብቁ አያደርግም። «ሰላምታና መንገድ ማሳየት እችላለሁ፤ ለምርመራና ለፈቃድ ፊርማ ግን የስልክ አስተርጓሚው ይጠራ» በዪ። የስልክ አስተርጓሚው እስኪገኝ ታካሚውን ወንበር ማስያዝ፣ ውኃ ማቅረብ፣ መድኃኒቶቻቸውን ከቦርሳ አውጥቶ መደርደር የአንቺ ነው።

አስተርጓሚው ሲገናኝም ጆሮሽ ይጠቅማል። «ጨጓራ አለብኝ» ቃል በቃል ከተተረጎመ «ሆድ አለኝ» ይሆናል። «ኩላሊቴን» የሚሉ ብዙዎች ወገባቸውን ነው። «ደም ብዛት» የተባሉ ሰው «ታዲያ ደም ማነስ እንዴት ይኖረኛል?» ይላሉ፤ ሁለቱ ተቃራኒ አለመሆናቸውን ማስረዳት ያስፈልጋል። ከሁሉም የከፋው ሰዓት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ጧት 8 ላይ ዋጡ የተባለ ክኒን «ስምንት ሰዓት» ተብሎ ከተነገረ ከቀትር በኋላ ይዋጣል። «ጧት ሁለት ሰዓት፣ ከቁርስ ጋር» ይባል። በጾም ወራት ደግሞ ቁርስ የለም፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ እየጾሙ እንደሆነ ይጠየቁ። በመጨረሻ «ገባዎት?» አይባልም፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት ብለው ይነግሯታል?» ይሻላል።

የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀው የ1996 የአሜሪካ ሕግ ተማሪንም ይይዛል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከታካሚው ጋር ስትገናኙ እሳቸው ካላነሱት ክሊኒክ እንደተያያችሁ አታንሺ።

«ሎግቡኬ (የልምምድ መመዝገቢያ ደብተሬ) ላይ 10 የማዋለድ ክትትል ይጠይቃል፤ ያየሁት 4 ነው። የቀረውን ፈርሙልኝ ብል?»
አዳማ

መልስ፦ አትበል። 4 ጻፍ፤ ለኮሌጁ ማታ ተረኛ እንዲመድብህ አመልክት፤ ምጥ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው የሚመጣው። የመውጫ ፈተናውም የሚቀጥረውም ሰው ፊርማውን ሳይሆን እጅህን ነው የሚያየው።

«12 ተማሪ በአንድ ጊዜ ይላክልናል። ነርሶቻችን ታካሚ ያዩ ወይስ ያስተምሩ?»
የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ደብረ ብርሃን

መልስ፦ 12ቱን በአንድ ጠዋት አይቀበሉ። በአንድ ክፍል ከሁለት ተማሪ በላይ አይግባ፤ ማዋለጃ ክፍል አንድ ይብቃ። ትሪያጅ፣ ከአምስት ዓመት በታች፣ ክትባት፣ የነፍሰ ጡር ክትትል፣ ቁስል ማሸጊያ፣ ጤና ኬላ፤ ስድስት ቦታ በሁለት ሁለት ይሞላል። በየሳምንቱ ሰኞ ይዙሩ እንጂ በየቀኑ አይዙሩ፤ ነርሷ በየቀኑ አዲስ ሰው ካስተማረች በሦስተኛው ቀን ማስተማር ታቆማለች።

ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ተጠሪ ነርስ በስም ይጻፍ። ተማሪው የመጀመሪያ ቀን ያይ፣ በሁለተኛው እየታየ ይሥራ፤ ብቻውን ግን መርፌ አይውጋ፣ መድኃኒት አይስጥ። ታካሚው «ተማሪ ናት፣ ትለካዎት?» ተብሎ ይጠየቅ፤ እምቢ ካለ በቀልድም አይጫኑት። ጓንት፣ ሲሪንጅና የእጅ ማጽጃ ከጤና ጣቢያው በጀት እንዳይወጣ ኮሌጁ ስንት እንደሚያመጣ በውሉ ላይ በቁጥር ይስፈር፤ «ይታገዛል» የሚል ቃል ካለ ይመልሱት። ውሉም ተማሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ይፈረም፤ ከገቡ በኋላ የኮሌጁ ሰው ስልክ አያነሳም።